የጥጋብ ወሬ ዘግይቶ ይደርሳል



ባለፈው ረመዷን በአንዱ ማታ ስድስት ሆነን ዶርም ውስጥ ጋዜጣ አንጥፈን ተቀምጠን ነበር። መሃላችን በፌስታል ቴምር፣ ከግቢ በር ላይ የተገዛ ሳምቡሳ፣ በፔርሙስ የመጣ ሾርባ፣ ከካፌ ያወጣነው እንጀራ በሽሮ አለ። አዛኑ ከተሰማ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማንም ከማንም ጋር አላወራም። መግሪብን ጥድፍ ጥድፍ ብለን ሰግደን ተመለስንና የቀረውን ጨረስን። ጉዱ የመጣው ተራዊሕ ላይ ነው። ሩኩዕ በወረድን ቁጥር የበላነው ሁሉ ጉሮሯችን ድረስ ይመጣል፤ ከስምንት ረክዓ በኋላ ከስድስታችን ሦስቱ ግድግዳ ተደግፈን ተቀምጠናል። ቀኑን ሙሉ ረሃቡን ችለን የዋልን ሰዎች ማታ ጥጋቡን መቻል አቃተን።

በዚያው ማታ ሌላም ነገር ሆነ። ከመካከላችን ሰውነቱ ሞላ ያለው ወንድማችን የመጨረሻዋን ሳምቡሳ ሲያነሣ አንዳችን «አንተ ሆዳም!» አልነው። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከእኛ ጋር አላፈጠረም። ስንጠራው «ላይብረሪ ነኝ»፣ «ዛሬ ከአጎቴ ልጅ ጋር ነኝ» ይለናል። ነገሩ የገባን ረመዷኑ ሊያልቅ ሲል ነው።

ያን ሰሞን ኮንትሮል ሲስተም የሚባለውን ኮርስ እየተማርን ነበር። ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር ሲሞላ ተንሳፋፊዋ ኳስ ከፍ ትልና ውሃውን ትዘጋለች። መሙላቱን የሚያውቅ አንድ ነገር አለ፣ ወሬውን የሚያደርስ መንገድ አለ፣ ወሬውን ሰምቶ የሚዘጋ አለ። ታዲያ የእኛን እጅ ከሳህኑ ላይ የሚያነሣው ማን ነው? እኛ የጤና ተማሪዎች አይደለንም፤ ጥያቄው ግን አልለቀን ስላለ አንብበን የተረዳነውን እናካፍላችሁ።

ብዙዎቻችን ረሃብ ማለት የጨጓራ ባዶ መሆን፣ ጥጋብ ማለት የጨጓራ መሙላት ይመስለናል። ተመራማሪዎችም እንዲሁ ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 የሃርቫርዱ ፊዚዮሎጂስት ዋልተር ካነን ተማሪው ዋሽበርን ፊኛ የዋጠበትን ሙከራ አሳተመ። (ተማሪ ለመምህሩ ምርምር ሲል ፊኛ የሚውጥበት ዘመን ነበር ማለት ነው።) ፊኛው ጨጓራው ውስጥ ተነፍቶ የጨጓራውን መኮማተር ይመዘግባል፤ ዋሽበርን ደግሞ በራበው ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። ሁለቱ ገጠሙ፤ ጨጓራው ሲኮማተር ረሃብ ይሰማዋል። ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስል ነበር። ችግሩ፣ በሕመም ምክንያት ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎችም ይርባቸዋል። ስለዚህ ጨጓራ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ለመልሱ መንገድ የከፈተው ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ለንደን ውስጥ የተሠራ ሌላ ሙከራ ነው። ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1902 የአንድ ውሻ አንጀት ከፊሉን ወስደው ወደዚያ የሚሄዱትን ነርቮች ሁሉ ቆረጡ። ከዚያ አሲድ ጨመሩበት። ነርቭ ስለሌለ ወሬ ሊደርስ አይችልም ተብሎ ሲጠበቅ፣ ቆሽት ፈሳሹን አመነጨ። ወሬው የሄደው በደም ነበር። አንጀት ራሱ አንድ ንጥረ ነገር ሠርቶ ወደ ደም ይለቃል፤ ደሙ ተሸክሞ ቆሽት ዘንድ ያደርሰዋል። ሴክሬቲን አሉት። ስታርሊንግ ከሦስት ዓመት በኋላ እንዲህ ላሉ መልእክተኞች «መቀስቀስ» ከሚል የግሪክ ቃል ወስዶ ሆርሞን የሚለውን ስም ተጠቀመ። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ቃል መጀመሪያ የወጣው ለአንጀት መልእክተኛ ነው።

ከአንጀታችን የውስጥ ሽፋን ሕዋሳት መካከል ከመቶ አንዱ ያህል ሥራቸው መቅመስና መናገር ነው። ያለፈው ምግብ ስብ ነው፣ ፕሮቲን ነው፣ ስኳር ነው ብለው ለይተው እንደየዓይነቱ ሆርሞን ይለቃሉ። አማርኛችን «ነገሩን በሆዱ ይዞታል»፣ «ሆደ ሰፊ ነው» እያለ ለሆድ እውቀትና ስሜት ሲሰጠው የኖረው በከንቱ አይደለም እንድንል ያደርገናል።

ከነዚህ መልእክተኞች አንዱ ኮሌሲስቶኪኒን ይባላል። ስምየው ረጅም ስለሆነ ሲሲኬ እንበለው። ስብና ፕሮቲን ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ሲደርሱ ይለቀቃል፤ የሐሞት ከረጢት እንዲጨመቅ ያዛል፤ ጨጓራ ምግቡን ቀስ ብሎ እንዲያወርድ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ጊብስ፣ ያንግና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ሆርሞን ለአይጦች ሲሰጡ አይጦቹ ከወትሮው ያነሰ በልተው አቆሙ። አስደናቂው ነገር ቀጥሎ የታየው ነው፦ ቬገስ የተባለውን ነርቭ ወደ ሆድ ከሚሄድበት ሲቆርጡት ሲሲኬ ያን ኃይሉን አጣ።

ቬገስ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በአንገት በኩል ደረትን አልፎ እስከ አንጀት የሚወርድ ረጅም ነርቭ ነው። አንጎል ሆድን የሚያዝበት ገመድ ይመስላል። ነገር ግን ውስጡ ካሉት ክሮች ከመቶ ሰማንያ ያህሉ የሚሠሩት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ወሬ ያመላልሳሉ። ሆድ ከሚታዘዘው ይልቅ የሚናገረው ይበዛል ማለት ነው። ጨጓራ ሲወጠርም የሚናገረው በዚሁ ገመድ ነው።

ወደ አንጀት ታችኛው ክፍል ስንወርድ ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ የሚባሉ ሁለት ሌሎች ይገኛሉ። ጂኤልፒ-1 ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያግዛል፣ ጨጓራን ያዘገያል፣ ለአንጎልም በቃ ይላል። ፒዋይዋይ ቀስ ብሎ የሚጨምር ነው፤ ከፍታው ላይ የሚደርሰው ከበላን አንድና ሁለት ሰዓት ቆይቶ ሲሆን ከዚያም ለሰዓታት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2002 ለንደን ውስጥ ፈቃደኛ ሰዎች ይህን ሆርሞን በደም ሥር ሲወስዱ፣ ከዚያ በኋላ በቀረበላቸው ምግብ ላይ የበሉት ከወትሮው በሲሶ ያህል ቀነሰ። ማንም አልከለከላቸውም፤ ፍላጎታቸው ራሱ ነው የቀነሰው።

ይህ ሁሉ ወሬ በመጨረሻ የሚሰበሰብበት ዋናው ቦታ ሃይፖታላመስ ነው፤ ክብደቷ ጥቂት ግራም የሆነች፣ ከአንጎል ሥር የተቀመጠች ክፍል። አንጎል ከደም ጋር እንዳይደባለቅ የሚጠብቀው አጥር እዚህ አካባቢ ላላ ያለ ስለሆነ በደም የመጣው ሆርሞን ሊገባ ይችላል። እዚያ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የነርቭ ሕዋስ ቡድኖች አሉ። አንዱ «ብላ» ይላል፤ ሌላው «በቃህ» ይላል። የመጀመሪያው ቀልድ አይደለም፤ አድገው ሳሉ እነዚህ ሕዋሳት እንዲጠፉባቸው የተደረጉ አይጦች ምግብ አጠገባቸው እያለ መብላት አቁመው በረሃብ ሞተዋል።

አሁን ወደ ዶርማችን እንመለስ። የጨጓራ መወጠር ቶሎ ይሰማል፤ የሆርሞኖቹ ወሬ ግን ምግቡ ከጨጓራ ወርዶ፣ አንጀት ቀምሶት፣ ወደ ደም ተለቆ እስኪሄድ ድረስ ጊዜ ይወስዳል። እኛ ኢንጂነሮች ይህን ዲሌይ እንለዋለን። ፊድባኩ የሚዘገይበት ሲስተም ልኩ ላይ መቆም ሊከብደው ይችላል፤ አልፎ ይሄድና በኋላ ይመለሳል። ኦቨርሹት ይባላል። ታንከሩን ብናስብ፣ ኳሷ የምትነሣው ከሞላ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቢሆን ውሃው በደረጃው ይወርድ ነበር። እኛ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሁለት ሰዓት እራት ስንበላ «በቃ» የሚለው መልእክት ገና መንገድ ላይ ነው። የደረሰው ተራዊሕ ላይ ነው።

በዚህ ጉዳይ አቴንስ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ። 17 ጤነኛ ወንዶች 300 ሚሊ ሊትር አይስክሬም እንዲበሉ ተደረገ፤ አንድ ቀን በ5 ደቂቃ፣ ሌላ ቀን በ30 ደቂቃ። ምግቡ ያው፣ መጠኑ ያው። ቀስ ብለው በበሉበት ቀን ደማቸው ውስጥ የተገኘው ፒዋይዋይና ጂኤልፒ-1 የበለጠ ነበር። ስለዚህ መቻኮላችን ወሬው ከመድረሱ እንዲቀድመን ብቻ ሳይሆን ወሬው ራሱ እንዲያንስም ያደርጋል።

እዚህ ላይ የብዙዎቻችሁ ሐሳብ ወዴት እንደሄደ ይገባናል። በቴምር ወይም በውሃ አፍጥሮ፣ መግሪብን ሰግዶ፣ ከዚያ ወደ ምግብ መመለስ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱንና መሆኑን፣ ሆድን በሦስት ስለ መክፈል የሚያስተምረውንም ሐዲስ ከመድረሳ ጀምሮ እናውቃለን። ሐዲስን በሆርሞን ለማጽደቅ መሞከር ግን የኛ ሥራ አይደለም፤ ሱንናው ትክክል የሚሆነው አቴንስ ላይ አይስክሬም ስለተበላ አይደለም፤ ነገ ሌላ ጥናት ቢመጣም አይናወጥም። የምንለው ሌላ ነው። ሱንናውን ሳናውቀው ቀርተን አይደለም፤ በዚያ ማታ ሰላቱን ራሱ በሁለት ሳምቡሳ መካከል ያለ እረፍት አደረግነው።

ስለ ጥጋብ ይህን ያህል ካልን፣ ረሃብን የሚያመጣውስ? እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ኮጂማና ካንጋዋ የተባሉ ተመራማሪዎች ከአይጥ ጨጓራ ግሬሊን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። ከቀሩት በተቃራኒ ይህኛው የሚያጠግብ ሳይሆን የሚያስርብ ነው። ከምግብ በፊት ከፍ ይላል፤ ከበላን በኋላ ይወርዳል።

የሚገርመው ግን ሰዓት ማወቁ ነው። ከአንድ ቀን በላይ ምንም ሳይበሉ የቆዩ ሰዎች ደም ሲመረመር ግሬሊናቸው ዝም ብሎ እየጨመረ አልሄደም። በለመዱት የቁርስ፣ የምሳና የእራት ሰዓት አካባቢ ከፍ ይልና፣ ምንም ሳይበሉ ተመልሶ ይወርዳል። የጾመ ሰው ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቀዋል። በረመዷን የመጀመሪያ ቀናት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ካፌው ለሌሎቹ ምሳ ሲከፍት፣ ሆዳችን ይጮኻል፤ አልችልም እንላለን። ዙህርን ሰግደን ክላስ ስንገባ ረሃቡ የት እንደሄደ አናውቅም። ከአሥር ሰዓት ይልቅ ስድስት ሰዓት የከበደን ለዚህ ነው፤ ያ ረሃብ የሰውነታችን መጎዳት ምልክት ሳይሆን የለመደው ቀጠሮ ነበር። ለፈተና ሰሞን ይህን ማወቅ ይጠቅማል፦ ማዕበሉ ያልፋል።

ግሬሊንን ግን ብቸኛ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም። ይህ ሆርሞን ጭራሽ የሌላቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦች ከሌሎቹ ብዙም ያልተለየ ይበላሉ። ሰውነት ለመብላት አንድ በር ብቻ አልተሠራለትም።

እስካሁን ያወራነው ስለ አንድ ማዕድ ነው። ያን ወንድማችንን የሚመለከተው ግን ከዚህ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1994 ኒው ዮርክ ውስጥ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። ይህ የሚመነጨው ከአንጀት ሳይሆን ከስባችን ነው፤ ወሬውን የሚያደርሰው ግን እዚያው ሃይፖታላመስ ውስጥ ላሉት ሁለት ቡድኖች ነው። ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲን ይቀንሳል፤ አንጎልም «ስንቅ እያለቀ ነው» ብሎ ይሰማል። የጨጓራና የአንጀት ወሬዎች የሚመዘኑት ከዚህ የስንቅ ወሬ ጋር ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ሁለት የአጎት ልጅ የሆኑ ሕፃናት ታሪክ ታተመ። አንደኛዋ የ8 ዓመት ልጅ ሆና 86 ኪሎ ትመዝን ነበር። ጥጋብ የሚባል ነገር አያውቁም፤ በልተው ሳይቆይ ምግብ ይጠይቃሉ። ሲመረመሩ ደማቸው ውስጥ ሌፕቲን የለም ማለት ይቻላል፤ ጂኑ ተበላሽቷል። አንጎላቸው ሰውነታቸው በረሃብ እየሞተ ነው ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ደግሞ ልጅቱ ሌፕቲን በየቀኑ በመርፌ መውሰድ ከጀመረች በኋላ የሆነውን ይናገራል፦ በአንድ ዓመት ውስጥ 16 ኪሎ ያህል ቀነሰች። ምክር አልጨመሩላትም፤ ቁጣም አልጨመሩላትም። የጎደለውን መልእክተኛ ነው የሰጧት።

እንዲህ ያለው ጉድለት እጅግ ብርቅ ነው፤ የወንድማችንም ነገር ይህ ነው እያልን አይደለም። ግን ጤነኛ ሰውም ቢሆን ከሰውነቱ ጋር ድርድር ላይ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በጥብቅ የምግብ ቁጥጥር የቀነሱ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከዓመት በኋላም ግሬሊናቸው ከመቀነሳቸው በፊት ከነበረው ከፍ ያለ፣ ፒዋይዋይ፣ ሲሲኬና ሌፕቲናቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ረሃባቸውም ከበፊቱ የበለጠ ነበር። አካሉ የጠፋበትን ለማስመለስ በየቀኑ ይሟገታቸዋል። እኛ ቀጫጮቹ በቀላሉ «አይበላም እንዴ፣ ይተወው» የምንለው፣ በእኛ ጆሮ የሚጮኸው ድምፅ በእሱ ጆሮ የሚጮኸውን ያህል እንደሆነ ገምተን ነው። ለምን እንደዚያ እንደገመትን አናውቅም። በዚያ ማታ ስድስታችንም አብረን በልተናል፤ ምናልባት ከእሱ የበለጠ የበላን አለን። ስሙ የተለጠፈው ግን እሱ ላይ ነው።

ስለ ማቅጠኛ መርፌዎቹ የሚጠይቁን ስላሉ ጥቂት እንበል። ጂኤልፒ-1 ደም ውስጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ግማሹ ይጠፋል፤ ስለዚህ እንዳለ መድኃኒት ሊሆን አልቻለም። መፍትሔው ከማይጠበቅ ቦታ መጣ፦ ጊላ የተባለ የአሜሪካ በረሃ መርዛማ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ እሱን የሚመስልና ቶሎ የማይፈርስ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1992 ተገኘ። ከዚያ የተሠራው መድኃኒት በ2005 ለስኳር ሕመም ተፈቀደ። ዛሬ ኦዜምፒክ በሚል ስም የሚታወቀው ሴማግሉታይድ በሌላ መንገድ የተሠራ ቢሆንም ሐሳቡ ያው ነው፤ ግማሹ ለመጥፋት አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። በአንድ ትልቅ ሙከራ በ68 ሳምንት ውስጥ ተጠቃሚዎቹ በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል ቀንሰዋል፤ ሲያቆሙ ግን በዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመለሰ። ማቅለሽለሽና ማስመለስ የተለመዱ የጎን ጉዳቶቹ ናቸው። ያለ ሐኪም የሚወሰድ ነገር አይደለም፤ በቴሌግራም የሚሸጥ መርፌ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው፣ እሱም ካወቀ። የስኳር ሕመም ያለባችሁና ኢንሱሊን ወይም እንክብል የምትወስዱ ደግሞ ከረመዷን በፊት ሐኪም ሳታማክሩ ጾም አትጀምሩ፤ ዲኑም ለታመመ መንገድ አበጅቷል።

እንቅልፍንም ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ቺካጎ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት 12 ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ ሲተኙ፣ 10 ሰዓት አልጋ ላይ ከቆዩበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ግሬሊናቸው በ28 በመቶ ጨመረ፤ ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ቀነሰ። ቁጥሩ በሌሎች ጥናቶች ሁሉ አልተደገመም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው የበለጠ እንደሚበላ ግን ደጋግሞ ታይቷል። ከተራዊሕ እስከ ሱሑር ስልክ ላይ የምናድር ሰዎች ቀኑ ለምን እንደረዘመብን እዚህ ውስጥ አንድ ፍንጭ አለ።

ዘንድሮ በዶርማችን የተስማማነው ቀላል ነው። ቴምርና ውሃ፣ ከዚያ መግሪብ ሳይጣደፍ በጀመዓ፣ ከዚያ ሾርባው፤ ሳምቡሳው የሚከፈተው በመጨረሻ ነው። ለሱሑር ዳቦ በሻይ ብቻ ከመጠጣት ፉል ወይም ከማታ የተረፈ ምስር እንጨምርበታለን፤ ፕሮቲንና ፋይበር ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። ሳምቡሳውን ማን እንደሚደብቅ ገና አልተስማማንም።

ያ ወንድማችን አሁን ሌላ ብሎክ ነው የሚኖረው። ባለፈው ሳምንት ሁለታችን ሄደን ዐፍው በለን አልነው። መጀመሪያ «የምን? ረሳሁት እኮ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከዚያ ማታ በኋላ ሰው ፊት መብላት ትቶ እንደነበር፣ ከካፌም የሚሄደው ሰልፉ ሲያልቅ እንደሆነ ነገረን። ምን እንደምንል ጠፋን። የመጀመሪያውን ቀን ከእኛ ጋር እንዲያፈጥር ጠየቅነው፤ አያለሁ ብሏል። ስድስተኛ ሳህን ገዝተናል፤ እስካሁን ስድስት ሰዎች በአምስት ነበር የምንበላው።